ከሸክም እስከ ፔሮል፦ የደመወዝ ሕግ ታሪክና የሰፈራችን ሴቶች

በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከሚነሱት ጥያቄዎች መካከል የሥራና የደመወዝ ነገር ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። "ውል ሳልፈርም ብቀጠር መብት አለኝ ወይ?" "እሑድ ስሠራ የሚከፈለኝ እንደ አዘቦቱ ቀን ነው ወይ?" "ማርገዜን ብናገር ያስወጡኝ ይሆን?" "ሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ነኝ፤ ሕጉ ያውቀኛል?" እያልን እንጠያየቃለን።

መልሱን ብቻ መዘርዘር ይቻል ነበር። ግን አንድ ነገር ግራ ያጋባናል። ከአባሎቻችን መካከል አንዷ ሆቴል ውስጥ ወጥ ትሠራለች፤ ሌላዋ መኖሪያ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራለች። ሽንኩርቱ አንድ፣ ምድጃው አንድ፣ ድካሙም አንድ ነው። ሕጉ ግን ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ የሚገባን ታሪኩን ስንመለከት ነው፤ ታሪኩም ሩቅ ሳይሄድ ከራሳችን ተራራ ይነሳል።

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ከመውረዳቸው በፊት መናገሻቸው እንጦጦ ላይ ነበር። ቤተ መንግሥት ደግሞ ያለ ሴት እጅ አይቆምም። እህል ፈጪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ውኃ ቀጂዋ ሁሉ በዚያ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሥራ ዋጋ በአብዛኛው ገንዘብ አልነበረም። ለወታደሩ ቀለብ፣ ለሹሙ ማደሪያ መሬት፣ ለቤት ሠራተኛዋ ምግብና ልብስ ይሰጥ ነበር። በየመኳንንቱና በየባለጠጋው ቤት ከሚሠሩት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበርና የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን የሚከለክልና ባሪያዎች ነፃ የሚወጡበትን መንገድ የሚያሳይ ሕግ አወጣች። ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለተወለዱ ሰዎች በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ "ቅጥር" የሚባል ነገር ሆኖ ለመታየት ጊዜ የወሰደው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው የቤተሰብ ጥገኛ እንጂ ደመወዝ የሚቆጠርለት ሠራተኛ ተደርጎ አይታይም ነበር።

ከቤተ መንግሥቱ መውረድ በኋላ ተራራው ሌላ ሥራ አመጣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦንና የካን ሲሸፍን፣ እንጨቱንና ቅጠሉን በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ሆኑ። ከእኛም መካከል እናቶቻቸው በዚህ ሥራ ያሳደጓቸው አሉ። የእንጨት ተሸካሚዋ ገቢ በሸክም ነው። አሠሪ የላትም፣ የዕረፍት ቀን የላትም፤ ወገቧ ቢጎዳ ካሳ የሚጠየቅ አካልም የለም። "ሠራተኛ" ለሚለው ቃል ከእርሷ የሚቀርብ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ የሠራተኛ ሕግ ግን እስከ ዛሬ አላገኛትም፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚጀምረው "ማን ቀጠረሽ?" ብሎ ነው።

ደመወዝ የሚለውን ቃል አዋቂዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ይሉታል። ይህን ደምና ወዝ በሕግ የመቁጠር ሥራ በአገራችን የተጀመረው ከፋብሪካ ነው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ሁኔታ አዋጅ ወጣ። ድሬዳዋ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ ወንጂ ላይ የስኳር ሠራተኞች፣ በየከተማው ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በረከቱ። ማኅበር ማቋቋም በግልጽ ባልተፈቀደበት ጊዜ ሠራተኞቹ የተሰባሰቡት እኛ በምናውቀው መንገድ፣ በእድር ነበር። ለለቅሶና ለሕመም የሚያዋጣው እድር ቀስ በቀስ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት መነጋገሪያ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሥራ ጉዳይ መደራጀትን ፈቀደ፤ በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ጸና። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተቋቋመውም በዚያው ሰሞን ነው።

ይህ አዋጅ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር በኅብረት እንዲደራደር በር ከፈተ። ሆኖም "ሠራተኛ" ማለት ማን እንደሆነ ሲተረጉም የቤት አገልጋዮችን ከውስጡ አወጣቸው። ሕጉ ወደ ፋብሪካው ገባ፤ የመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ደጃፉ ግን እንደ ተዘጋ ነው።

የቤት ሠራተኛዋ ጨርሶ አልተረሳችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር አብራ ስለምትኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። አሠሪው ስለ መኝታዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ አያያዝ እንዲያደርግላት ያዛል። ግን ስንት ሰዓት? ስንት ቀን ዕረፍት? በቁጥር አይናገርም። ፋብሪካ ውስጥ ያለችው በሰዓት ስትቆጠር፣ ቤት ውስጥ ያለችው በአሠሪዋ ደግነት ትለካለች።

ከየካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ አዋጆቹ በየመንግሥቱ ተቀያየሩ፦ በ1968 ዓ.ም. ቁጥር 64፣ በ1985 ዓ.ም. ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. ቁጥር 377፣ በመጨረሻም ዛሬ የምንሠራበት ቁጥር 1156/2011። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንዲያገኙ፣ የወሊድ ፈቃድም ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንዲሆን ደነገገ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አዋጆች ጎን ለጎን ስናያቸው ለውጡ በኪሳችን ይታያል። በ1996ቱ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 60 ቀን ነበር፤ አሁን ከወለዱ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል፤ በድምሩ 120 ቀን ማለት ነው። አሠሪ ነፍሰ ጡርን፣ እንዲሁም ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እናትን በዚህ ምክንያት ከሥራ ሊያሰናብት አይችልም። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከፍ ብሏል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ከሩብ ይባዛ ነበር፤ አሁን በአንድ ተኩል ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ለምሳሌ በቀን ስምንት ሰዓት ሠርታ 400 ብር የምታገኝ እህት የሰዓቷ ዋጋ 50 ብር ነው። ማታ እስከ 1 ሰዓት ቆይታ ሁለት ሰዓት ብትጨምር ሊከፈላት የሚገባው 100 ሳይሆን 150 ብር ነው።

ሁሉም ለውጥ ግን ወደ ሠራተኛው ያደላ አይደለም። የሙከራ ጊዜ 45 ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆኗል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ቢልም፣ ቀድሞ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር የነበረው አሁን በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ገቢዋ ታተርፋለች፤ አንድ ቦታ አሥር ዓመት የቆየችው ትከስራለች። የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይም አለ። አዋጁ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ወለሉን በጥናት እንዲያሻሽል ያስባል። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ እያለ የቀን ሠራተኛዋ ዋጋ የሚቆረጠው ጠዋት ሳይቱ በር ላይ፣ በካፖው አፍ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለኛ የሚበጀው አንድ ነገር አለ፦ ሕጉ የሚደግፈው የጻፈችንና የቆጠረችን ነው። በቃል የተቀጠረች ሴት መብት የላትም ማለት አይደለም። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመበት ደብዳቤ እንዲሰጣት ያዛል፤ ይህን ባያደርግም እርሷ መብቷን አታጣም። ነገር ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከአባሎቻችን አንዷ በአንድ ድርጅት ጽዳት ላይ ስትሠራ ለወራት የትርፍ ሰዓት አልተከፈላትም። "ለበዓል እንሰጥሻለን" ሲሏት ጠበቀች፤ በዓሉ ሲያልፍ "ሒሳብ ሲዘጋ" አሏት። እኛ ዘንድ የመጣችው በዘጠነኛው ወር ነው። በአዋጁ መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መቅረብ ያለበት ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገንዘብ በይርጋ ቀረባት። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቆምም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበ ግን ቆጠራው ይቋረጣል። ያለ አግባብ ተባረርሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ለምትል ደግሞ ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው። ይህች እህታችን የቀሩትን ወራት ልታስጠይቅ የቻለችው የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በልጇ ደብተር ጀርባ ትጽፍ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ደጃፉ እንመለስ። የ1985ቱ፣ የ1996ቱም ሆነ የ2011ዱ አዋጅ ለትርፍ ባልሆነ ዓላማ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጭ ያደርጋሉ፤ ይህን ሥራ የሚመለከት ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል ይላሉ። ስለዚህ በቢሮ፣ በክሊኒክ፣ በሆቴል ወይም በጽዳት ድርጅት በኩል የምትሠራ ሴት የአዋጁ ባለቤት ናት። በመኖሪያ ቤት የምትሠራዋ፣ የግቢ ጠባቂውም ጭምር፣ ደንቡን የሚጠብቁ ናቸው። ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በመደበኛ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች፤ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዓመት ፈቃድ ግን የምትጠቅሰው ቁጥር የለም።

የሚገርመው ሌላው ነገር ይህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጃችን ሥልጠና እንድትወስድና የሥራ ውሏ በመንግሥት አካል እንዲጸድቅ ይጠይቃል። እዚያ የሚደርስባትን እናውቃለን፤ ቢያንስ ግን በእጇ ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። እህቷ ግን ከመሪ ተነስታ ሲኤምሲ ወይም አያት ሰው ቤት ስትቀጠር የያዘችው የደላላውን ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት አባል አገሮች የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት 189ኛውን ስምምነት ሲያጸድቁ የተስማሙበት ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ የቤት ሥራ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ሰው እንደ ሌላው ሠራተኛ ሰዓት፣ ዕረፍትና ግልጽ ውል ይገባዋል።

ይህን ታሪክ የጻፍነው ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኞች ከእድር ተነስተው አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ደክመዋል። እኛም በእድርና በእቁብ ውስጥ ያደግን ነን፤ መቁጠርና መመዝገብ አያቅተንም። ስለዚህ በሥራ ላይ ላለች አባል ሁሉ አንድ ደብተር እንድትይዝ እንመክራለን፦ የተቀጠረችበት ቀን፣ የተስማማችበት ደመወዝ፣ በየቀኑ የገባችበትና የወጣችበት ሰዓት፣ የተከፈላትና የቀረባት። ማንበብና መጻፍ ለማትችል እህት ልጇ ወይም ከመካከላችን አንዷ ትጻፍላት። ክፍያ ከዘገየ "ነገ" እየተባለ ሁለተኛው ወር እንዳያልፍ፤ ከማኅበራችን ጋር ተነጋግራ ወደ ክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ትሂድ። ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላት ሴት ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ለደጋፊዎቻችንም የምንለው አለን። ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ የምታግዛችሁ ሴት አለች። ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗንና የማታ ሰዓቷን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ብትፈርሙበት ስልሳ ዓመት ተዘግቶ የቆየው ደጃፍ ቢያንስ በእናንተ ቤት ይከፈታል።