በስማርትፎን የሚታዘዝ የርቀት ፓርኪንግ

በስማርትፎን የሚታዘዝ የርቀት ፓርኪንግ አሽከርካሪው ከመኪናው ውጭ ቆሞ በእጅ ስልኩ ትእዛዝ እየሰጠ መኪናውን ወደ ማቆሚያ ቦታ የሚያስገባበት ወይም ከቦታው የሚያስወጣበት ቴክኖሎጂ ነው። በሰፊው የታወቀው በቅንጡ መኪኖች ሲሆን ከጊዜ በኋላ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖችም ላይ መታየት ጀምሯል። ዋና ጥቅሙ በር ከፍቶ መውረድ በማይቻልበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሆኖም አንድ ሞዴል በአንዱ አገር ይህን አገልግሎት እየሰጠ በሌላው አገር ላይሰጥ ይችላል፤ ይህም የአካባቢ ገደብ ይባላል። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ገደቡ በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ያለውን ገዢ በቀጥታ ይነካዋል።

አሠራር

መኪናው አካባቢውን የሚለካው በፊትና በኋላ በተገጠሙ የድምፅ መለኪያዎች፣ በካሜራዎችና በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ በራዳር ነው። የድምፅ መለኪያው የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶው ተመልሶ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ ይቆጥራል። 1 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ድምፁ የሚመለሰው በ6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ኮምፒዩተሩ ከዚህ መረጃ ተነሥቶ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ ማርሹንና የሞተሩን ኃይል ያዛል። መኪናው የሚንቀሳቀሰው ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት ነው።

ስልኩና መኪናው በሁለት መንገድ ሊገናኙ ይችላሉ። አንደኛው በብሉቱዝና በመሳሰሉት የአጭር ርቀት ሞገዶች በቀጥታ መገናኘት ነው። ሁለተኛው ትእዛዙ በሞባይል ኢንተርኔት ወደ አምራቹ ሰርቨር ሄዶ ከዚያ ወደ መኪናው የሚተላለፍበት ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሚሠሩ መኪኖችም ቢሆኑ መተግበሪያውን ለመክፈትና ስልኩን ከመኪናው ጋር ለማስመዝገብ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች አሽከርካሪው ጣቱን ከስልኩ ስክሪን ላይ ሳያነሣ መቆየት አለበት፤ ጣቱ ሲነሣ መኪናው ወዲያው ይቆማል።

ታሪክ

የቻይናው ቢ.ዋይ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሱ ሩይ የተባለ መኪና ላይ በቁልፍ የሚታዘዝ የርቀት መንጃ ገጥሞ ነበር። መኪናው እስከ 10 ሜትር ርቀት ድረስ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ቢ.ኤም.ደብልዩ በ7 ሲሪየስ መኪናው ላይ ስክሪን ባለው ቁልፍ የሚሠራ የርቀት ፓርኪንግ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2016 መርሰዲስ ቤንዝ በኢ ክላስ ሞዴሉ ላይ አገልግሎቱን ወደ ስማርትፎን አመጣው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ቴስላ ‹ሰመን› የተባለውን የመኪና መጥሪያ በሶፍትዌር እድሳት ለደንበኞቹ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ መኪናው በማቆሚያ ስፍራ ውስጥ አቋርጦ ባለቤቱ ዘንድ የሚደርስበትን የተሻሻለ ዓይነት አወጣ።

የአገሮች ሕግ

በ1968 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ማንኛውም ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሥራ ላይ የዋለ ማሻሻያ የተባበሩት መንግሥታትን የተሽከርካሪ ደንቦች የሚያሟሉ ወይም አሽከርካሪው ሊያቋርጣቸው የሚችላቸው አጋዥ ሥርዓቶች እንዲፈቀዱ በር ከፈተ።

ስለ መሪ ሥርዓት የሚደነግገው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 79 በርቀት ፓርኪንግ ላይ ሁለት ዋና ግዴታዎችን ጥሏል። ስልኩ ወይም ቁልፉ ከመኪናው ከ6 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ትእዛዙም ያለማቋረጥ መሰጠት አለበት። በአውሮፓ የቴስላ ‹ሰመን› ከአሜሪካው በእጅጉ የተገደበው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ አምራቹ የደኅንነት ደረጃ ማሟላቱን ራሱ ያረጋግጣል፤ መንግሥት ጣልቃ የሚገባው ችግር ሲታይ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን አሻሽላ በስልክ መኪና ማቆምን በእጅ ስልክ ይዞ ከማሽከርከር ክልከላ ነጻ አድርጋለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ከዚህ ገፍታ፣ ቦሽና መርሰዲስ ቤንዝ በሽቱትጋርት አውሮፕላን ማረፊያ ያለ ሰው ክትትል መኪና የሚያቆም ሥርዓት እንዲያሠሩ ፈቅዳለች።

የአካባቢ ገደብ ምክንያቶች

አንድ መኪና መሣሪያው ሁሉ ተገጥሞለት ሳለ አገልግሎቱ ሊዘጋ ይችላል። አምራቹ በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ የሽያጩን አገር በኮድ ያስቀምጣል፤ አገልግሎቶቹም የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚሁ ኮድ ነው። ምክንያቶቹ በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው።

• ሕግ፦ አገልግሎቱ በአገሩ ፈቃድ ያላገኘ ወይም በግልጽ ያልተደነገገ ሲሆን፤
• ቴሌኮም፦ በመኪናው ውስጥ ያለው ሲም ካርድ የሚሠራው ለተሸጠበት አገር ኔትወርክ ሲሆን፤
• ሰርቨርና የመረጃ ሕግ፦ ለምሳሌ ቻይና እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የመኪና መረጃ አያያዝን የሚቆጣጠር ደንብ ሥራ ላይ አውላለች፤
• መተግበሪያ፦ አፑ በሌላ አገር የመተግበሪያ መደብር የማይገኝ ወይም ለምዝገባ የአምራቹን አገር ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ሲሆን።

አንዳንድ የግል ጥገና ቤቶች ኮዱን በመቀየር ገደቡን ያነሣሉ። ይህ ግን የአምራቹን ዋስትና ሊያሳጣ፣ የፍሬንና የመሪ ሶፍትዌርንም ሊያዛባ ይችላል።

በኢትዮጵያ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪኖች ዞሯል። ከእነዚህ መካከል ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ይገኙበታል፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታየው ፎልክስዋገን አይዲ 6 አንዱ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ሜኑአቸው በቻይንኛ ሊሆን፣ በስልክ የሚታዘዙ አገልግሎቶቻቸውም ከቻይና ውጭ ላይሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ገዢው በማስታወቂያ ያየው አገልግሎት በእጁ በገባው መኪና ላይ መሥራቱን ከመክፈሉ በፊት በራሱ ስልክ ሊሞክረው ይገባል። መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራም መጠየቅ ይጠቅማል።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ተዳፋታማ ከተማ ናት። የአብዛኞቹ አምራቾች መመሪያ በርቀት ፓርኪንግ በዳገት ላይ መጠቀምን ይገድባል ወይም ይከለክላል። በአካባቢው የተለመደው ዘዴ ረዳት ወይም መንገደኛ ‹ና፣ ና› እያለ አሽከርካሪውን መምራትና ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ማድረግ ነው። ታኮው ሳይነሣ በስልክ ትእዛዝ ከተሰጠ መኪናው እንቅፋቱን ላያውቀው ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ክፍት የጎርፍ ቦይ ነው። የድምፅ መለኪያ ከፊቱ ያለውን ግድግዳ ያያል እንጂ መሬቱ በድንገት ሲጎድል አይረዳም። በክረምት የጭቃ ሽፋን መለኪያውንና ካሜራውን ያሳውራል፤ በደባርቅና በሊማሊሞ የሚወርደው ጭጋግም የካሜራን እይታ ይቀንሳል። ከፍታው ግን በራሱ የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ የሚለውጠው ቅዝቃዜ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ0 ዲግሪ ደግሞ 331 ሜትር ይጓዛል፤ መኪናውም ይህን ልዩነት በሙቀት መለኪያው ያስተካክላል።

ኢንተርኔትም ሌላው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሰርቨር በኩል የሚታዘዝ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ይቆማል። በብሉቱዝ የሚሠራው ቀድሞ ከተመዘገበ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም ባለቤቱ መደበኛውን ቁልፍ ሁልጊዜ ከእጁ ባይለይ ይመረጣል።

ደኅንነት

የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን የቴስላ መኪኖች በ‹ሰመን› ሲታዘዙ ከቆሙ መኪኖችና ከምሰሶዎች ጋር መጋጨታቸው ከተነገረ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ወደ 2.6 ሚሊዮን በሚጠጉ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፍቷል። አምራቾች መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ኃላፊነቱ የባለስልኩ መሆኑን ይገልጻሉ። እንደ ጥምቀት ባሉ በዓላት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ እንደሚታየው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሕፃናትና የጋማ ከብት በሚመላለሱበት ስፍራ በአገልግሎቱ አለመጠቀም ይመከራል።