የከሸፈች ጥይት

ስሙኝማ፣ የድሮውን የቡሬ ገበያ ልንገራችሁ። ከመራዊ ተነስቶ ዱርቤቴንና ዳንግላን ያለፈ፣ የእንጅባራ ብርድ ያቆራመደው መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ እፎይ የሚለው ቡሬ ሲደርስ ነው። ከወለጋ በኩል ዓባይን የተሻገረው ነጋዴም ማረፊያው እዚያው ነበር። የወረቀት ብር ገና ሳይለመድ በፊት በዚያ ገበያ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ይዞራል፤ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ አሞሌ ጨውና ጥይት። አዎን፣ ጥይት። ማርያ ቴሬዛ ለጥቃቅን ዕቃ ትበዛለች። አሞሌን ዝናብ ያሟሟዋል። ጥይት ግን አንዲት፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለች ትቆጠራለች፤ ከዝናር ወጥታ እህል ትገዛለች፣ ተመልሳም ዝናር ውስጥ ትገባለች።

ያቺ ጥይት የውጅግራ ጥይት ናት። ባዚል ግራስ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ያበጀው፣ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው ጠመንጃ ነው ውጅግራ፤ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚጎርስ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ሲያገኙ አሮጌው ተረፋቸው፤ የተረፋቸውም በቀይ ባሕር ዳርቻ አድርጎ ወደ እኛ ጎረፈ። በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሰው ይዘው ዓድዋ ሲዘምቱ በኢትዮጵያውያን ትከሻ ላይ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። የጎጃም ገበሬ ምላጭ ሲስብ የሚተኩሰው ገንዘቡን ነው። የሳተ እንደሆነ የልጆቹን እህል ነው የሳተው። ስለ አገሬው ሰው አልሞ ተኳሽነት ሲነገር ደም ነው፣ ዘር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ያስተማረው የጥይት ውድነት ነው፤ ይህንንም ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ጥይት ሲተኮስ ባዶ ቀለሁ ይቀራል። ቀለህ ናስ ነው፤ አይጣልም። ጎጃሜ አጎንብሶ ይለቅመውና ወደ ቀጥቃጩ ይወስደዋል። ቀጥቃጩ ሲተኮስ ያበጠውን የቀለህ አፍ ያጠብበዋል፣ የተመታውን ካፕሱል ነቅሎ አዲስ ይተክላል፣ ባሩድ ይሞላል፣ ከእርሳስ ያቀለጠውን አረር ከላይ ያስገባል። ባሩዱም እዚሁ አገር የተወቀጠ ነው፤ ከሰል፣ ድኝና የባሩድ ጨው። ካፕሱሉ ግን ከአፈር አይገኝም፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ በጥይት ሥራ እጅግ ያስቸገረው ከሁሉም ያነሰችው ዕቃ ነበረች።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ያ ቀጥቃጭ ባይኖር የአገሩ ጠመንጃ ዱላ ይሆን ነበር። ማረሻውንም፣ ጦሩንም፣ ጥይቱንም የሠራለት ሕዝብ ግን ቡዳ እያለ ሲሰድበው፣ ልጁን ከልጁ ሳያጋባ ኖረ። ይህ በደል ነው፤ የጀግኖችን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሁሉ ይህን ጨምሮ ሊተርክ ይገባዋል።

በአገር ቤት የተሞላች ጥይት ጠባይዋ አይታወቅም። የባሩዱ ጨው አንድ ቀን ንጹሕ ነው፣ አንድ ቀን ቆሻሻ የበዛበት። ልኩ በእጅ ይሰፈራል። አረሩ ወይ ከብዷል ወይ ቀሏል። አንዷ ጥይት ከዒላማው በታች ትወድቃለች፣ ሌላዋ እንደ በቅሎ ትራገጣለች፣ ሦስተኛዋም ትከሽፋለች፤ ምላጭ ይሳባል፣ ቀጭ ይላል፣ ዝም።

ከፋብሪካ የወጣችው የውጅግራ ጥይት ግን ልኳ የታወቀ ነው። አረሯ 25 ግራም፣ ባሩዷ 5 ግራም ከሩብ፣ ፍጥነቷ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል። ጠመንጃው 4 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናል። 25 ግራም በዚያ ፍጥነት ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃውም የድርሻውን ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ቢሰላ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ነው። ሰደፉ ከትከሻ ራቅ ብሎ ከተያዘ በዚህ ፍጥነት መጥቶ አጥንት ይመታል። ከትከሻ ተጣብቆ ከሆነ ግን ጠመንጃውና ሰውየው አንድ አካል ይሆኑና ምቱ ወደ ግፊት ይለወጣል።

ስለዚህ አባት ልጁን ሲያስተምር መጀመሪያ የሚያስይዘው ትከሻውን ነው።

«ሰደፉን ወደ ራስህ ሳበው፣ ልጄ። አትፍራው፤ የራቅኸው እንደሆነ ነው የሚመታህ።»

«እሽ፣ አባየ።»

«ጉንጭህን አስደግፍ። ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዝ። ምላጩን በቀስታ! መቼ እንደሚተኩስ አንተም አትወቅ።»

የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ። አረር ከአፈሙዝ ለመውጣት ከሰከንድ መቶኛ እንኳ የሚያንስ ጊዜ ነው የሚፈጅባት። ጠመንጃው ትከሻን በደንብ ከመግፋቱ በፊት እሷ ሄዳለች። ታዲያ ሰው በእርግጫው ምክንያት ለምን ይስታል? እርግጫው ከመምጣቱ በፊት ስለሚፈራው ነው። ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደ ፊት ይገፋል፣ አፈሙዝ ወደ መሬት ያጎነብሳል፣ ያን ጊዜ ምላጩ ይለቃል። ጥፋቱን ጩኸቱና ጭሱ ስለሚሸፍኑት ተኳሹ ራሱ አያየውም። «ጠመንጃው ይስታል» ብሎ ይምላል።

ጥይቷ ስትከሽፍ ግን መሸፈኛ የለም። ጩኸት የለ፣ ጭስ የለ፣ እርግጫ የለ፤ አፈሙዙ ብቻውን ወደ መሬት ሲያጎነብስ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያያል። በዚያ አገር ሰው ፊት ፈሪ መባል ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ውድነቱ ያመጣው ያ መጥፎ ሙሌት፣ ያ የተበላሸ ባሩድ ነው ጣትን ያረጋጋው፤ ከሦስት ጥይት አንዷ ልትከሽፍ እንደምትችል የሚያውቅ ሰው በሦስቱም ላይ አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይለምዳል።

ጣልያን በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ ዋጋውን አሳየ። የጎጃም አርበኛ ጥይት የሚያመላልስለት መንገድ አልነበረውም፤ ያለው በዝናሩ ያለው ነው፣ ሌላው ከጠላት የሚማረከው ነው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ፣ የማይስማሙትን የአርበኞች መሪዎች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን ለማስታረቅ ደከመ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የሱዳን ወታደሮችንና ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ባታሊዮን ይዞ ቡሬ ላይ ሲደርስ በቁጥር እጅግ የሚበልጠው የጣልያኑ ኮሎኔል ናታሌ ጦር በምሽግ ውስጥ ነበር። ሌሊት ሌሊት እየቀረቡ ተኮሱበት፤ ማንኩሳንም እንዲሁ አስጨነቁት። ናታሌ ከየት እንደሚመታ ግራ ገባውና የካቲት 25 ቡሬን ለቆ በፍኖተ ሰላም አቅጣጫ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ከሁለት ቀን በኋላ ጨረቃ ወንዝ ላይ ሁለተኛው ባታሊዮን ያንን የሚሸሽ ጦር በድንገት ተጋፈጠ፤ ብዙ ሰውም ወደቀበት። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከምርኮው ጋር ሽጉጥም በየቤቱ ገባ፤ የጣልያን መኮንኖች ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ቤሬታ። ሽጉጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ትከሻ የለውም። ዛሬ በውድድር ሜዳ የሚያዘው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ 8 ግራም ያህል አረር በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይወረውራል፤ ግፊቱ የውጅግራን ሩብ ነው። ነገር ግን ሽጉጡ ራሱ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ነውና ወደ ኋላ የሚመለስበት ፍጥነት ከውጅግራ ጋር ተቀራራቢ ነው። አፈሙዙም ከእጅ መዳፍ በላይ ስላለ ግፊቱ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ያነሳዋል። መድኃኒቱ እጅን በተቻለ መጠን ወደ ላይ አስጠግቶ መያዝ፣ በሁለተኛው እጅ ዙሪያውን መጨበጥና የእጅ አንጓን ማጽናት ነው። አፈሙዙ መነሳቱን ማንም አያስቀረውም፤ ጎበዝ ተኳሽ የሚፈልገው ወደ ነበረበት ቦታ በራሱ እንዲመለስ ነው።

በ1976 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ከየአገሩ የመጡ ተኳሾች የሽጉጥ ውድድር ማኅበር አቋቋሙ፤ አሜሪካዊው ጄፍ ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያ ውድድር ፍጥነትም፣ ዒላማም፣ የጥይት ጉልበትም ይቆጠራል። የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ይለካል፤ ሁለቱ ተባዝተው በ1000 ሲካፈሉ 125 ያልሞላ ነጥብ የለውም። ስለዚህ ተወዳዳሪው እንደ ጎጃሜው ቀለሁን ለቅሞ፣ እንደ ቀጥቃጩ ራሱ ሊሞላው ቤቱ ይገባል። 115 ግሬን አረር በ1100 ጫማ ቢሄድ ልኩን ያልፋል፤ 147 ግሬን አረርም በ870 ጫማ ያልፋል። ጉልበታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከባዱና ዝግተኛው ግን እጅ ላይ ለስለስ ይላል። የሚሞላው ሰው አንድ ግሬን፣ ማለትም 65 ሚሊግራም ገደማ፣ ለአሥር ከፍሎ በሚመዝን ሚዛን ነው የሚሰፍረው። የአገራችን ቀጥቃጭ ይህን ሚዛን ቢያገኝ ኖሮ ምን ይሠራ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል። በእጁ ሰፍሮ፣ በዓይኑ ለክቶ፣ ከስድብ ጋር ያን ያህል ሄዷል።

ሙሌቱ እንዲህ አስተማማኝ ከሆነ ወዲህ የውድድር ጥይት አይከሽፍም ማለት ይቻላል። መምህሩ፣ ያ መክሸፍ፣ ግን ቀረ። ስለዚህ አሠልጣኞች ሆን ብለው ይመልሱታል፤ ተማሪው ሳያይ በካዝናው ውስጥ ከጥሩዎቹ መካከል ባሩድ የሌላት የውሸት ጥይት ይደባልቁበታል። ተማሪው ይተኩሳል፣ ይተኩሳል፣ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀጭ ይላል፤ አሠልጣኙም ዒላማውን ትቶ አፈሙዙን ይመለከታል።