ብድር የተበላሸበት ሰው ዳግም እንዴት ይበደራል?

በሬ አደልቦ ለፋሲካ ገበያ ለማቅረብ የተበደረ አርሶ አደር ከብቱ ቢሞትበት፣ ወይም በከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሥራው ቢከስርበት፣ ጉዳቱ በጠፋው ገንዘብ ብቻ አያበቃም። በቀጣዩ ዓመት ለማዳበሪያ ወይም ለሸቀጥ መግዣ ብድር ሲጠይቅ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

«ኪሳራ» በዕለት ንግግር ለማንኛውም የገንዘብ ጉዳት ይነገራል። በሕግ ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው። በንግድ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተደነገገው የኪሳራ ሥርዓት የሚመለከተው ነጋዴዎችንና የንግድ ማኅበራትን ነው። የቤተሰቡን ማሳ የሚያርስ ገበሬና ደመወዝተኛ ሠራተኛ በዚህ ሥርዓት አይስተናገዱም። ለእነርሱ ቀሪው መንገድ ከአበዳሪው ጋር መነጋገር ነው፤ ይህንንም በጊዜ።

ጊዜው ረጅም አይደለም። በንግድ ባንኮች አሠራር ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር «የተበላሸ» ተብሎ ይመደባል። ንብረት በመያዣነት ከተሰጠ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልገው ንብረቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ የሚጠይቅ ተበዳሪ ማስረጃ ይዞ ቢቀርብ ተሰሚነት ያገኛል። ለሞተ ከብት የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ በበረዶ ለተመታ ሰብል የግብርና ባለሙያ ጉዳቱን አይተው የሚጽፉት ደብዳቤ ጠቃሚ ነው። ደብዳቤው ግን ጉዳቱ በደረሰበት ሰሞን ሊጠየቅ ይገባል፤ ቆዳው ከተሸጠ ከስድስት ወር በኋላ ባለሙያው የሚያየው ነገር አይኖርም።

ወደ ሌላ ባንክ መሄድም ታሪክን አይሸፍንም። በብሔራዊ ባንክ የሚገኘው የብድር መረጃ ማዕከል የተበዳሪዎችን መረጃ ይሰበስባል፤ አበዳሪዎችም ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ያዩታል።

በገጠር ከሁሉ የሚከብደው የቡድን ዋስትና ነው። የብድርና ቁጠባ ተቋማት መያዣ ለሌላቸው አርሶ አደሮች ጎረቤታሞችን በቡድን አደራጅተው ያበድራሉ። አንዱ ሳይከፍል ሲቀር የቀሩት ይጠየቃሉ፤ ዕዳው እስኪዘጋም የእነርሱ ቀጣይ ብድር ሊታገድ ይችላል። በመሆኑም ብድር የተበላሸበት ሰው የሚፋጠጠው ከተቋሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእድሩና ከደቦው ሰዎች ጋር ነው። አፍሮ ቀየውን ጥሎ የሚሄድ አይጠፋም፤ ዕዳው ግን ዋሶቹ ላይ ይወድቃል እንጂ አብሮት አይሄድም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ስለ ባለዕዳው የከፈለ ዋስ ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ተቋሙ ሒሳቡን ቢዘጋ እንኳ፣ ጎረቤቶቹን ያልካሰ ሰው በሌላ ዙር የሚዋሰው አያገኝም።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ መቀበል፣ በቤት ካርታ ወይም በተሽከርካሪ ሊብሬ ላይ የተመዘገበው ዕግድ መነሣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የተከፈለ ብድር እንዳልተከፈለ ሆኖ ተመዝግቦ ከተገኘ ተበዳሪው እንዲታረምለት ለአበዳሪው በጽሑፍ ማመልከት ይችላል፤ ያን ጊዜ ተጠብቆ የቆየ ደረሰኝ ዋጋው ይታያል።

ቀጣዩ በትንሹ መጀመር ነው። በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የብድሩ መጠን በአብዛኛው ከቁጠባው ጋር ስለሚያያዝ፣ በየወሩ ሳያቋርጥ የቆጠበ ሰው በራሱ ገንዘብ እምነት ይገነባል። በከተማ እንደ ቴሌብር ባሉ አገልግሎቶች የሚሰጡ አነስተኛ ብድሮች የደንበኛውን የገንዘብ እንቅስቃሴ ይመዝናሉ፤ በቀኑ የከፈለ ሰው ቀስ በቀስ ከፍ ያለ መጠን ሊፈቀድለት ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ እንስሳትና ሰብልን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ለመያዣነት መዋል ይችላሉ። አራጣ ግን በወንጀል የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ አዲሱን ገቢ ሁሉ ለወለድ ይበላል።

ሌላው የሚዘነጋው የመክፈያው ወር ነው። ውል የሚፈራረም አርሶ አደር የክፍያው ቀን ከመኸር ምርት በኋላ ጥቂት ወራት እንዲዘገይለት ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ በታኅሣሥና በጥር ሁሉም እህሉን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ በዚያ ወቅት ለዕዳ ሲባል የተሸጠ ጤፍ ክረምት ሲገባ በውድ ተገዝቶ ይበላል።