ከሰባራ ድልድይ እስከ ኃይል ተሸካሚ ታወር፦ መሠረተ ልማትን ስለ መጠበቅ ታሪክ የሚያስተምረን



የዛሬው ርእሴ የኤሌክትሪክ ኃይል መሠረተ ልማትን ከጥቃትና ከአደጋ መጠበቅ ነው። ጉዳዩ ለመሐንዲስና ለጸጥታ ባለሙያ እንጂ ለታሪክ መምህር የሚገባ አይመስልም ይሆናል። እኔ ግን የደብረ ወርቅ ልጅ ነኝና፣ ከትውልድ ቀዬ ሞጣን አልፎ ከሚገኝ አንድ የድንጋይ ድልድይ ልጀምር።

በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የዐባይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላትን መተላለፊያ ለመቁረጥ ሲባል በአርበኞች እጅ ተሰበረ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። የጦርነትን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ተነሣ፤ ድልድዩ ግን እስከ 1994 ዓ.ም. ሳይጠገን ኖረ። በእነዚያ 60 ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ጉልበተኞች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ተጠግኖም ብዙ አልቆየም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክረምት ሙላት ጥገናውን ወሰደው። ኋላ ከውሃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራለት።

በዚህ አንድ ድልድይ ላይ ሦስት ነገሮች ተፈራርቀዋል፦ የሰው እጅ፣ የተፈጥሮ ኃይልና የጥገና መዘግየት። ሕዝቡን ለረጅም ጊዜ የጎዳው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ መሠረተ ልማትን መጠበቅ ስንል እንዳይሰበር መከላከልን ብቻ ሳይሆን፣ በተሰበረ ጊዜ ፈጥኖ ማንሣትንም ማለታችን ሊሆን ይገባል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. በ43 ሜጋ ዋት፣ ጢስ ዐባይም በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ፣ የአንዱ መቋረጥ የሚያጨልመው ጥቂት ከተሞችን ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም አለው። ከጣና በለስ የሚነሣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመርም በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ጥቂት ማመንጫዎችና ጥቂት ረጃጅም መስመሮች የአገሪቱን ሸክም ተሸክመዋል። ይህ ትስስር ኃይልን ከሩቅ ያደርሳል፤ ጉዳትንም እንዲሁ ከሩቅ ያደርሳል።

አደጋው ብዙ መልክ አለው። አንዳንዱ የታወሩን ደጋፊ ብረት ፈትቶ ይሸጣል፤ ታወሩም በነፋስ ይወድቃል። ይህን ለመግታት አዋጅ ቁጥር 464/1997 ወጥቶ፣ የኤሌክትሪክና የቴሌኮሙኒኬሽን መረቦች የሕግ ጥበቃ አግኝተዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል፤ ጥቃቱ ከሕዳሴው ግድብ ውሃ ሙሌት ጋር የተያያዘ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ያስከተለውን ጨለማም አንረሳውም። መቀሌ ከብሔራዊ የኃይል ቋት ጋር ዳግም የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው፤ ላሊበላም ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይታለች። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው፣ የውሃ ፓምፑና የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ አብረው ይቆማሉ።

ተፈጥሮም አትተኛም። የግልገል ጊቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ፣ ማመንጫው በጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ በቀናት ውስጥ በከፊል ተደርምሶ ሥራው ለወራት ተቋርጧል። ከዚህ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚመጣው ጠላት ደለል ነው። አባ ሳሙኤል በደለል ተሞልቶ ለአሥርተ ዓመታት ከአገልግሎት ውጭ ነበር፤ የቆቃ ሐይቅም ከመያዝ ዐቅሙ ብዙ አጥቷል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች አፈራችንን ይዘው ወደ ዐባይ ይገባሉ። እንግዲህ እርከን የሚሠራው የእናርጅ እናውጋ ገበሬ፣ ማንም ባይቀጥረውም፣ የግድብ ጠባቂ ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥቤ ይወስደኛል። በአድባራትና በገዳማት የሚገኙ ቅርሶች ለዘመናት የተጠበቁት በዘበኛ ብዛት አልነበረም። እቃ ቤቱ ኃላፊነቱን የሚሸከም ገበዝ አለው፤ አጥቢያውም ንብረቱ የእኔ ነው ይላል። ከፍተኛው መስመር በራሱ ላይ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ ግን ታወሩን «የመንግሥት ብረት» ብሎ ቢጠራው ልንወቅሰው እንችላለን? እኔም በኩራዝ ያጠናሁ ነኝ፤ ያልደረሰን ነገር ጠብቅ መባል እንዴት እንደሚከብድ ዐውቃለሁ። ሌባው በሕግ ይጠየቅ፤ በመስመሩ ሥር ያለው መንደር ግን አስቀድሞ ብርሃን ያግኝ።

ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። የግድቦች ምረቃ በሚገባ ተመዝግቧል። እያንዳንዱ የተቋረጠ መስመር ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ማን እንደ ጠገነው፣ መለዋወጫው ከየት እንደ መጣ፣ በጨለማው ጊዜ ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ግን ከባለሙያው፣ ከባለ ወፍጮውና ከነርሷ አንደበት ገና መሰብሰብ አለበት። ሰባራ ድልድይ በዚያ ስም ለ60 ዓመታት የተጠራው ስላልተጠገነ ነው። በኃይል መስመሮቻችን ላይ ያ እንዳይደገም፣ የጥገናን ታሪክ ጻፉ።