«ካርታ አለው» ሲሉን

ውጭ አገር ያለ ወገናችን ቦንጋ ላይ ቦታ ሲያፈላልግ፣ ደላላው ቀድሞ የሚነግረው «ካርታ አለው» ብሎ ነው። ጣልያኖች ካርታ የሚሉት ወረቀትን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን «መሬቱ የራሴ ነው» እስከ ማለት ደርሷል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሊሸጥ የሚችለው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994ም ቢጫ ካርድ ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቤት እንዲኖረው ፈቀደለት እንጂ መሬት ግዛ አላለውም። በዚያው በካፋ ያለውን የቡና ጫካ «ሸጥኩልህ» የሚል ውል ደግሞ ፍርድ ቤት አይጸናም። ስለዚህ እኔ ካርታውን «የይዞታ ማረጋገጫ» ብንለው እመርጣለሁ፤ ይዞታ «ያዘ» ከሚለው የወጣ ነው፣ ይዞ መጠቀምን እንጂ ባለቤትነትን አይናገርም። ስሙ እንዲህ ሲጠራ ገዢው በማን ስም እንደተያዘ፣ የሊዙ ዘመን ስንት እንደቀረው፣ እገዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይጠይቃል።