ክብደት ያጣ እርከን፦ የመምህራን ደመወዝ፣ የሙያ ዕድገትና የትምህርት ቤት አመራር ከአዊ ዞን ትንንሽ ከተሞች አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በኢትዮጵያ የመምህራን ደመወዝ፣ የደረጃ ዕድገትና ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ለየብቻ ሲታቀዱና ሲወሰኑ ኖረዋል። ይህ መጣጥፍ ሦስቱ አንድ ላይ ሳይታሰቡ ሲቀሩ ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው እንደ ጥርባ ባሉ የአዊ ዞን ትንንሽ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ላይ እንደሆነ ይከራከራል። የደመወዝ ጭማሪ አስፈላጊ ቢሆንም፣ በእርከኖች መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም ካላገኘና ርዕሰ መምህርነት የራሱ ዝግጅትና የራሱ የዕድገት መንገድ ያለው ሙያ ካልሆነ ብቻውን መምህርን በቦታው አያጸናም። ሦስቱን ለማስተሳሰር የሚበጀው ደረጃ በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያቀናጀው የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ነው። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ የወጡት ውጤቶች አገር ያስደነገጡ ናቸው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ክርክሩ በተማሪው ስንፍናና በመምህሩ ብቃት ላይ ያተኩራል። መምህሩን የሚመድበው፣ የሚደግፈው፣ የክፍል ምልከታ የሚያደርገውና የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላው ርዕሰ መምህር ግን እምብዛም አይነሳም።

ኬነዝ ሊትዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረጉት የጥናቶች ዳሰሳ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉ ምክንያቶች መካከል ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ በተማሪ ውጤት ላይ የላቀ ተጽዕኖ ያለው የትምህርት ቤት አመራር መሆኑን አሳይተዋል። አመራሩ ለውጥ የሚያመጣውም በዋናነት በመምህሩ በኩል ነው፤ መምህሩ እንዲተጋ፣ ሙያውን እንዲያሻሽልና በትምህርት ቤቱ እንዲቆይ በማድረግ። ስለዚህ የመምህሩ ኑሮና የርዕሰ መምህሩ ሙያ አንድ ጉዳይ ናቸው።

በትንሽ ከተማ ይህ ትስስር ይበልጥ ይጠብቃል። በትልቅ ከተማ አንድ ጎበዝ መምህር ቢለቅ ሌላ ይተካዋል፤ መምህሩም ከመደበኛ ሥራው ጎን በግል ትምህርት ቤት ወይም በማስጠናት ገቢውን ሊደጉም ይችላል። እንደ ጥርባ ባለ ከተማ ግን አንድ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህር ሲዛወር የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በሙሉ ይናጋል። በአዊ ዞን ደግሞ አዊኛ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ፣ ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚያስተምር መምህር ሲለቅ ከሌላ ዞን የሚመጣ ምትክ ክፍተቱን አይሞላም።

2. የደመወዙ መንገድ

የደመወዝ ጥያቄ የቆየ ታሪክ አለው። በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 የጠራው የሥራ ማቆም አድማ ከዘውዳዊው ሥርዓት ፍጻሜ ጋር የተያያዘ ትልቅ ክስተት ነበር። የአድማው ዋነኛ መነሻ በወቅቱ የትምህርት ዘርፍ ክለሳ የቀረበው ዕቅድ የመምህራንን ጥቅምና የሥራ ሁኔታ ይጎዳል የሚል ስጋት ነው። ስለ ትምህርት ማሻሻያ ሲታቀድ መምህሩን ወደ ጎን ማለት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያ ዘመን በቂ ትምህርት ሰጥቷል።

በደርግ ዘመን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር ሰው 500 ብር ያገኝ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ይህ ወደ 240 ዶላር ይጠጋል። በመስከረም 1985 የአንድ ዶላር ምንዛሪ ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተተወ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ሲያድግ፣ በዶላር ሲሰላ 80 ገደማ ነበር። የምንዛሪ ስሌት የኑሮን እውነት ሁሉ ባይናገርም፣ ዲግሪ ያለው ሰው ቀድሞ ከነበረበት የኑሮ ደረጃ ምን ያህል እንደወረደ ያመለክታል።

ከመጠኑ ያላነሰ የሚያሳስበው የደመወዙ ቅርጽ ነው። በ2011 በወጣው የነጥብ የሥራ ምዘና ስኬል ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 1,100 ብር፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር፤ ልዩነቱ ከ18 እጥፍ በላይ ነው። በ2017 መጀመሪያ በተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው 4,760፣ ከፍተኛው 21,492 ብር ሆነ። ከታች ያለው ደመወዝ ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ ከላይ ያለው 5 በመቶ ብቻ ጨመረ፤ ልዩነቱም ወደ 4.5 እጥፍ ወረደ። በ2018 ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሲሆን ልዩነቱ ወደ 6.5 እጥፍ ተመልሶ ሰፋ።

ኑሮ ለከበደው ዝቅተኛ ተከፋይ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው፤ ይህን የሚቃወም ሕሊና የለም። የመምህራን የደመወዝ እርከን የራሱ መዋቅር ቢኖረውም የሚንቀሳቀሰው በዚሁ የመንግሥት ደመወዝ ማዕቀፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ከታች ብቻ የሚገፋ ጭማሪ የሚያስከትለውን መዘዝ ማየት ያስፈልጋል። ነባሩ መምህር ሃያ ዓመት አገልግሎ ከትናንት ተመራቂ ጋር ያለው ልዩነት ሲጠብ፣ ልምዱና የወጣባቸው እርከኖች ዋጋ እንዳጡ ይሰማዋል።

3. ደረጃው አለ፣ ልዩነቱ ግን አይታይም

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመምህራን የሙያ ዕድገት መዋቅር እንደሚዘረጋ፣ ዕድገቱም በተከታታይ ትምህርት፣ በሙያ ሥነ ምግባርና በማስተማር ብቃት ላይ እንደሚመሠረት ደንግጓል። በዚህ መሠረት መምህሩ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ የሚያድግበት መሰላል ተዘረጋ፤ ኋላም ከፍተኛ መሪ መምህር የሚለው ታከለበት። በሐሳብ ደረጃ ይህ ትልቅ እመርታ ነበር። መምህሩ ጠመኔውን ሳይጥል፣ ቢሮ ሳይገባ፣ በክፍል ውስጥ እያለ የሚያድግበትን መንገድ ከፍቷል።

ሆኖም መሰላሉ በደመወዝ እንጂ በሥራ ድርሻ አይለይም። መሪ መምህሩ የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ፣ የሚይዘው ክፍልና የሚሰጠው ኃላፊነት ከጀማሪው ብዙም የተለየ አይደለም። አዲስ ገቢ መምህራንን መምከር፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪነት፣ የሙከራ ፈተና ማዘጋጀት በማዕረጉ የተነሳ የሚጠየቁ ተግባራት ሳይሆኑ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። ማዕረጉ ሥራን ካልለየ፣ የደመወዝ ልዩነቱም ከጠበበ፣ የሚቀረው ስም ነው።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ይህን አላቃለለውም። ውጤቱ ለደረጃ ዕድገት መስፈርት ስለሆነ፣ በትንሽ ከተማ አብሮ የሚበላና አብሮ የሚያለቅስ ርዕሰ መምህር የባልደረባውን እንጀራ የሚነካ ነጥብ ለመስጠት ይቸገራል። ስለዚህ የሁሉም ነጥብ ወደ ላይ ይጠጋል፤ ጎበዙና ሰነፉም በአንድ ወረፋ ያድጋሉ። የጎበዙ ተስፋ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለው ገበያም ይጠራል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ እየተከለ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ቆርጦ ከሰል ሲያወጣ ቆይቷል፤ ምርቱም እስከ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሲጫን ኖሯል። ከገበሬ ቤት የወጣ ወጣት መምህር የእርከኑን ጭማሪ ከዚህ ጋር ማመዛዘኑ አይቀርም።

4. ርዕሰ መምህርነት፦ ሹመት ወይስ ሙያ?

የ1986ቱ ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ዴሞክራሲያዊ፣ ሙያዊና ቀልጣፋ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በ2000 መባቻ የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅም ከስድስቱ መርሐ ግብሮች አንዱን ለአመራርና አደረጃጀት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለርዕሳነ መምህራን ብሔራዊ የሙያ ደረጃ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በክረምት የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መስጠት ጀመሩ።

በተግባር ግን ብዙ ርዕሳነ መምህራን መጀመሪያ ይመደባሉ፣ ከዚያ በኋላ ይሠለጥናሉ፤ አንዳንዶቹም ሥልጠናውን ሳያገኙ ይነሳሉ። ምደባው የሙያ ብቃት ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ታማኝነት ሲታይበት መምህራኑ ይቀየማሉ፤ የተመደበውም ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ የሙያ ሥልጣን አያገኝም። ለኃላፊነቱ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከሥራው ጫና ጋር አይመጣጠንም። ርዕሰ መምህሩ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን ያስተባብራል፣ የትምህርት ቤት ድጎማ በጀትን ይመራል፣ መዋጮ ያሰባስባል፣ የመጻሕፍት ክፍፍልን ይከታተላል፣ ወረዳው በጠራው ስብሰባ ሁሉ ይገኛል። የክፍል ምልከታና የመምህር ድጋፍ፣ ማለትም ዋናው ሥራው፣ ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

ውጤቱ ድርብ ኪሳራ ነው። ጎበዝ መምህር ርዕሰ መምህር ሲሆን ክፍሉ ጥሩ አስተማሪውን ያጣል፤ ሳይዘጋጅ ስለገባበት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ጥሩ መሪ አያገኝም።

5. ሥልጠናው ከሕይወቱ ሲለይ

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥና እ.ኤ.አ. በ2009 የተሻሻለው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል፣ ጀማሪው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአማካሪ መምህር እንዲደገፍ ያዛሉ። በየትምህርት ቤቱ በአጭሩ ተሙማ የሚባለው ይህ ሥራ መልካም መሠረት አለው፤ መነሻው የመምህሩ የራሱ ክፍልና የራሱ ችግር ነው። ዳሩ ግን ፖርትፎሊዮው ለቁጥጥር የሚቀርብ ፋይል ሲሆን ዓላማው ይስታል። መምህሩ ዕቅዱን ይገለብጣል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይፈርማል፣ በክፍል ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር አይታይም።

ከ2016 ክረምት ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንንና የትምህርት ቤት አመራሮችን በዩኒቨርሲቲዎች ማሠልጠኑ የሚመሰገን ጅምር ነው። ያ ሥልጠና ፍሬ የሚያፈራው በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ተከታትሎ የሚደግፍ ሰው በትምህርት ቤቱ ሲገኝ ነው። አዊ ዞን ለዚህ የታደለ ነው፤ በ2010 ማስተማር የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሁለቱም በዞኑ ዋና ከተማ ይገኛሉ።

6. በጀትና ጸጥታ

ከ1995 ጀምሮ በአማራ ክልል የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ከሚደርሰው ጥቅል በጀት ላይ ነው። የትምህርት ወጪ ትልቁ ክፍል ደመወዝ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የደረጃ ዕድገት ለወረዳው ዕዳ ይሆናል። ፌዴራል መንግሥት የሚወስነው ጭማሪና የመምህሩ እርከን በወረዳው ካዝና ላይ ሲደራረቡ የዕድገት ክፍያ ይዘገያል። ለመጻሕፍት፣ ለቤተ ሙከራና ለሥልጠና ሊውል የሚገባው ገንዘብም ይመነምናል።

ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተባባሰው ግጭት ደግሞ ችግሩን ሌላ መልክ ሰጥቶታል። በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሚሊዮኖች ሕፃናት ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ መምህራን በሁለት ወገን ስጋት መካከል ቆመው ለማስተማር ተገደዋል። ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን ክፍት ለማድረግ ከወላጆች፣ ከአገር ሽማግሌዎችና ከታጠቁ ኃይሎች ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለ ኃላፊነት ያዘጋጀው ሥልጠናም ሆነ ያካካሰለት ክፍያ የለም።

7. ምክረ ሐሳብ

ከውጭ ተሞክሮ ሁለቱ ይጠቅማሉ። ሲንጋፖር መምህሩ በማስተማር፣ በአመራር ወይም በልዩ ባለሙያነት ማደግ የሚችልባቸው ሦስት መንገዶች አሏት፤ ጎበዝ አስተማሪ ለማደግ ሲል ክፍሉን መልቀቅ የለበትም። ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ደመወዝ 88 በመቶ፣ ከፍ ያለ የትምህርት ማስረጃ ያላቸውን ደግሞ 40 በመቶ ጨምራለች፤ ቀድሞ በተቋቋመው የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበርም ጭማሪውን በቤትና በኑሮ ደግፋለች።

ከዚህ በመነሳት አራት እርምጃዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም የደመወዝ ማስተካከያ የእርከኖቹን ርቀት የሚጠብቅ ይሁን፤ ከታች ሲጨመር ከፍተኛና መሪ መምህሩም በተመጣጣኝ ይጨመርለት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ማዕረግ የተለየ የሥራ ድርሻ ይኑረው። መሪ መምህሩ በጉድኝቱ ሥር ላሉ ትምህርት ቤቶች ጀማሪዎች አማካሪ ይሁን፤ ለዚህም የክፍለ ጊዜ ጫናው ይቀነስለት። ሦስተኛ፣ ርዕሰ መምህርነት በውድድርና ከምደባ በፊት በሚሰጥ ዝግጅት ይሁን። በአዊ ዞን ዩኒቨርሲቲውና ኮሌጁ ዓመቱን ሙሉ በየጉድኝቱ የሚካሄድ የአመራር ሥልጠና ቢጀምሩ፣ ሠልጣኙ ትምህርት ቤቱን ሳይለቅ ይማራል። አራተኛ፣ ራቅ ባሉ ከተሞች ለሚቆዩ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን የዕድገት ክፍያው በክልል ደረጃ በተለየ በጀት ይሸፈን፤ የመኖሪያ ቤት መሥሪያ ቦታም በቅድሚያ ይሰጣቸው።

ማስፈጸሚያው ጉድኝቱ ይሁን የምንለው ትምህርት ቤቶቹን በቅርብ የሚያውቃቸው እሱ ስለሆነ ነው። የትኛው መምህር ጎበዝ እንደሆነ፣ የትኛው ጀማሪ ድጋፍ እንደሚሻ፣ ማን ርዕሰ መምህር ለመሆን እንደበቃ ከእንጅባራም ሆነ ከባሕር ዳር ይልቅ በቅርበት ያያል። የጎደለው ሥልጣንና በጀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያጸደቁት ስለ መምህራን ደረጃ የወጣው ሰነድ የመምህር ደመወዝ ተመሳሳይ ትምህርት ከሚጠይቁ ሙያዎች ጋር ሲነጻጸር የተሻለ እንዲሆን፣ ለመምህሩና ለቤተሰቡም ተገቢ ኑሮ እንዲያስገኝ ይመክራል። ኢትዮጵያ ይህን በአንድ በጀት ዓመት ማሳካት አትችልም። እርከኖቹን ትርጉም ያላቸው ማድረግ፣ አመራርን ሙያ ማድረግና ሥልጠናውን ወደ ትምህርት ቤቱ ማምጣት ግን ከገንዘቡ በላይ ውሳኔ የሚፈልጉ ናቸው። የክልሉ ትምህርት ቢሮና የዞኑ አመራር እነዚህን በአንድ ወረዳ ጉድኝቶች ላይ ጀምረው ውጤቱን ይመዝኑ፤ ግጭቱ ለዘጋቸው ትምህርት ቤቶች ዳግም መከፈትም የሚያስፈልገው ይኸው የጸና መምህርና የተዘጋጀ መሪ ነው።