ከአሞሌ ጨው እስከ ከረሜላ፤ የትንሽ ግዢ ታሪክ

ታሪክ የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የነገሥታት ዘመንና የጦርነት ዓመት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ያለ እነርሱ የአገር ታሪክ አይጻፍምና። ነገር ግን ነገሥታቱ ሲነግሡና ሠራዊቱ ሲዘምት፥ በየቤቱ ደግሞ አባት ከገበያ ሲመለስ ልጆች ደጃፍ ላይ ቆመው እጁን እጁን ያዩ ነበረ። በዚያ እጅ ውስጥ የተያዘው ምን ነበረ? በምን ተገዛ? ማንስ ሠራው? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች እንደ ዐቅሙ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ ስለ ከረሜላ መጻፍ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ትንሽ ነገር ለመግዛት ትንሽ ገንዘብ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በገበያዎቻችን የታመነው ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ትልቅ ብር ነበረ፤ ሕዝቡም ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ይለው ነበረ። ንግሥቲቱ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ሲሆን፥ ብሩ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ይመታ ነበረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። እንዲህ ያለው ብር በሬ ለሚገዛ ሰው ይመቻል፤ አንድ እፍኝ በርበሬ ለምትገዛ ሴት ግን አይመችም፤ መልሱን የሚመልስላት አታገኝምና።

ይህን ጕድለት የሞላው አሞሌ ጨው ነው። ጨው በአገራችን ንግድ ውስጥ ያለው ስፍራ እጅግ የቈየ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ፥ ከአክሱም የሚላኩ ሰዎች ከብት፥ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበረ ጽፏል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ መስክሯል።

አሞሌ የሚቈረጠው በአፋር ምድር፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የጨው ሜዳ ላይ ነው። በዚያ የሚነድ ሙቀት ውስጥ ሠራተኞች የጨውን ንጣፍ በእንጨት እየፈነቀሉ፥ በመጥረቢያ እየጠረቡ ይሸከሽኑታል። ከዚያም በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፥ ከመቀሌ ገበያ ወደ ጎንደር፥ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ይበተን ነበረ። ወደ ሩቅ በሄደ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ክረምት ገብቶ መንገድ ሲቈረጥም ይወደዳል። ስለዚህ ጎጃም ላይ የሚገኘው አሞሌ ከጨውነቱ ሌላ የግመሉን ድካምና የነጋዴውን ላብ ተሸክሞ የሚደርስ ነበረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አሞሌ ገንዘብም ምግብም መሆኑ ነው። የተሰበረ አሞሌ በገበያ ዋጋው ይቀንሳል፤ በወጥ ቤት ግን ጣዕሙ አይቀንስም። ገንዘቡ ሲሰበር ቤተ ሰቡ ተካፍሎ ይበላው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ማንኛውም ገንዘብ ይህን ማድረግ አልቻለም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት መልካቸው ያለበትን ብር በፓሪስ ሲያስመቱ፥ የብር ግማሽ የሆነውን አላድን፥ ሩብንና ግርሽንም አብረው አስመትተዋል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የለመደውን ማርትሬዛና አሞሌ ቶሎ አልተወም። አገሩ ሁሉ በአንድ ዐይነት ትንሽ ገንዘብ መጠቀም የጀመረው ከጠላት ወረራ በኋላ፥ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የወጣው አዲስ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ብሩ በመቶ ሳንቲም ተከፈለ። የ1፥ የ5፥ የ10 እና የ25 ሳንቲሞቹ ከመዳብ፥ የ50ው ከብር የተሠሩ ነበሩ። ሕዝቡ 25ቱን ስሙኒ፥ 50ውን ሽልንግ አላቸው። ዳሩ እንደ አበባ የተከረከመው ስሙኒ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ከአሮጌ ፎቶግራፍና ከቍልፍ ጋራ በቈርቈሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ልጅ ገንዘብ ይዞ ለራሱ ለመግዛት የቻለው በዚህ ትንሽ ሳንቲም ነው።

ገንዘቡስ ተገኘ፤ የሚገዛውስ? ቀድሞ በአገራችን የልጆች ጣፋጭ ማርና ሸንኮራ አገዳ ነበረ። እነዚህም ከጓሮና ከቀፎ የሚገኙ ስለ ነበሩ ባለ ጓሮው ከጎረቤት ጋራ ይካፈላቸዋል። ለቡሄ ጭፈራ የሚሰጠው ሙልሙልም እንዲሁ ተጋግሮ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም። ስኳር በብዛት ወደ ከተማ መግባት የጀመረው የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። ሆኖም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ስለ ነበረ የሁሉም ቤት አልሆነም።

የሁሉም ቤት ያደረገው ወንጂ ነው። በኢንዶኔዢያ የሸንኮራ ተክል የነበረው የሆላንድ ኩባንያ፥ ያ አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ መልሶ፥ በናዝሬት አጠገብ በአዋሽ ዳር ሸንኮራ ተከለ። ፋብሪካው በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. በቀን 140 ቶን ስኳር በማምረት ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። በወንጂ የተሠራው ደስታ ከረሜላም በየሱቁና በሱቅ በደረቴ ሣጥን ላይ ተደርድሮ ለሳንቲም የሚሸጥ ሆነ።

አያቴ እንደ ነገሩኝ፥ በልጅነታቸው አንድ ከረሜላ ለአንድ ልጅ አይሰጥም ነበረ። ታላቂቱ ልጅ ከረሜላውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ በጥርሷ ትሰብረዋለች፤ ነጠላው ሲፈታ ስብርባሪው ለሁሉም ይታደላል። ሰባሪዋ የምትወስደው መጨረሻ የቀረውን ነው፤ በዚህም ምክንያት እኩል አድርጋ ለመስበር ትጠነቀቃለች። ይህን ስሰማ የተሰበረው አሞሌ ትዝ አለኝ። ገንዘቡም ጣፋጩም ተለወጠ፤ ሰብሮ የመካፈሉ ልማድ ግን ከጨው ወደ ስኳር ተሻገረ።

ነገር ግን ታሪክ ጣፋጩን ብቻ ከተናገረ ጕድለት አለበት። ሸንኮራው የተተከለበት ምድር አስቀድሞ የጂሌ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን የሚያሠማሩበት ነበረ፤ እነርሱም ግጦሻቸውን አጡ። ሸንኮራውን የቈረጡት ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከሌሎችም አገሮች ለሥራ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሸንኮራው ከመቈረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ስለሚቃጠል፥ ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ጥላሸት ለብሶ ነበረ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የጕድጓዱ ውሃ ነው። በዚያ ያለው የመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ስለ በዛበት፥ የብዙ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታት ከጠጡትም መካከል አንዳንዶቹ አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸውን ማጠፍና ማቅናት ተሳናቸው። ሐኪሞች ይህን ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መርምረው ጽፈውታል። የአገሩን ሻይ ያጣፈጠ ሰው የራሱ ልጆች ጥርስ በሚጠጡት ውሃ መበላሸቱ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሱ፤ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላም ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ሥራቸውን አቁመው በአዲስ ተተኩ። ወደ ጨው ሜዳ የመኪና መንገድ በመሠራቱ የግመሉ ጕዞ ቀንሷል። በ2002 ዓ.ም. አንዱ ብር ራሱ ሳንቲም ሆኖ ወጣ፤ ዛሬ ደግሞ በስሙኒ የሚገዛ ነገር አይገኝም። ያ ሁሉ ጨው ቈራጭና ሸንኮራ ቈራጭ ስሙ በመጽሐፍ አልተጻፈም። በአያቶቻችን ዘንድ ያለው ትዝታም ካልተጠየቀ ሳይነገር ይቀራል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ በዚህ ዓመት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አንድ ሥራ ብንሠራ መልካም ነው እላለሁ። አንድ ደብተር ይዘን በዕድሜ የገፉትን ዘመዶቻችንን «በልጅነትዎ በአንድ ስሙኒ ምን ይገዙ ነበር? ከማንስ ጋራ ይካፈሉ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። የሚሉንን ከነዋጋው፥ ከነገበያው ስምና ከነዓመቱ እንጻፈው። ወላጆቻችንም ጥያቄያችንን እንደ ልጅ ጨዋታ አይተው እንዳያልፉት እንለምናቸዋለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚወጣው የዚህ መጽሔት ዕትም እንዲህ ያሉትን ምስክርነቶች ቢሰበስብ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ትልቅ ሀብት ይሆናቸዋል።